ከበረዶው ዳር፦ አንደኛ የወጣው ለምን ይወድቃል?

ባለፈው እትም ስለ አይስ ሆኪ ጥያቄ ያለው ሁሉ እንዲጽፍልኝ ጠይቄ ነበር። ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ሁሉን ማስተናገድ ስለማልችል ብዙዎቻችሁን ያንገበገቡትን መርጫለሁ። አምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን ላይ በአንድ የሰፈር የበረዶ ሜዳ ለ11 ዓመት በረዶ ሠሪ ነበርኩ። ማሽኑን እየነዳሁ የተቧጨረውን በረዶ እፍቃለሁ፣ ውኃ አፈስሳለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ ተጫውተው እስኪጨርሱ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። ሆኪን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡ በአሜሪካ ዶላር ነው። «ዘንድሮ» ስል የ2025/26ን የውድድር ዘመን፣ «ባለፈው» ስል የ2024/25ን ማለቴ ነው። ስርዓቱን ለማታውቁ ደግሞ ባጭሩ፦ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል 32 ክለቦች አሉ፤ በ2025/26 እያንዳንዱ 82 ጨዋታ ይጫወትና 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ውድድር፣ ወደ ፕሌይኦፍ ይገባሉ። አራት ዙር አለ፤ በየዙሩ ቀድሞ 4 ጨዋታ ያሸነፈ ያልፋል። የሊጉን ትልቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን ለማንሳት 16 ድል ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ የምንኖረው ዊኒፔግ ነው። ባለፈው የውድድር ዘመን ጄትስ ከሊጉ አንደኛ ሲወጣ ቤታችን የሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከዚያ በሁለተኛው ዙር ዳላስ አሰናበተን። የ9 ዓመት ልጄ ‹አንደኛ ከሆንን ለምን ተሸነፍን?› ሲለኝ መልስ አጣሁለት።» አባት፣ ከዊኒፔግ

በመጀመሪያ ይህ በጄትስ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ይንገሩት። በመደበኛው ውድድር ከሁሉ በላይ ነጥብ የሰበሰበ ክለብ የፕሬዝዳንቶች ዋንጫ የሚባለውን ሽልማት ይወስዳል፤ ጄትስ በ2025 በ116 ነጥብ ወሰደው። ይህን ዋንጫ ወስዶ በዚያው ዓመት የስታንሊ ዋንጫንም ያነሳ ክለብ እስከ 2025 ድረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2013 ነው፤ ቺካጎ ብላክሆክስ። ታምፓ ቤይ በ2019 62 ጨዋታ አሸንፎ ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ አንድም ጨዋታ ሳያስቀምስ 4 ለ 0 ሸኘው። ቦስተን በ2023 65 ድልና 135 ነጥብ ሰበሰበ፤ ከዚያ በፊት ያንን ያህል የደረሰ ክለብ አልነበረም። እሱም በመጀመሪያው ዙር ፍሎሪዳን 3 ለ 1 እየመራ ቆይቶ ቀሪዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፎ ወጣ። ፍሎሪዳ በዚያ ዓመት በምሥራቁ ክፍል በመጨረሻዋ ቦታ ተንጠልጥሎ የገባ ክለብ ነበር።

ነገሩን በዕድል ብቻ ማሳበብ አልወድም። በመደበኛው ውድድር ቡድኑ ዛሬ አንዱን ይገጥምና ነገ ወደ ሌላ ከተማ ይበርራል፤ ተጋጣሚው ድክመቱን ለማጥናት ጊዜ የለውም። በፕሌይኦፍ ግን ያው ቡድን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ተከላካይህ ፐኩን፣ በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ክብ ጎማ፣ ይዞ ሲወጣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እንደሚዞር በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ያውቁታል፤ በአምስተኛው ላይ እዚያው ቆመው ይጠብቁታል። ኮከብህ በረዶ ላይ በወጣ ቁጥር ሁለት ሰው ይለጠፍበታል። ያኔ የሚያድንህ ማንም ያላሰበበት ሦስተኛው የአጥቂ መስመርህ (አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው እየተፈራረቁ ይገባሉ) እና ግብ ጠባቂህ ነው።

የጄትስ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ኮነር ሄለባክ በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂም ምርጥ ተጫዋችም ተብሎ ተሸልሟል። በመጀመሪያው ዙር ከሴንት ሉዊስ ጋር ሲጫወቱ ግን በተጋጣሚው ሜዳ በተደረጉት ሦስቱም ጨዋታዎች አሰልጣኙ ከመሐል አስወጥቶ ተጠባባቂውን አስገባ። ያ ዙር እንዴት እንዳለፈ ልጅዎ ያስታውሰዋል፦ በሰባተኛው ጨዋታ 1.6 ሰከንድ ሲቀር ኮል ፐርፌቲ አቻ አደረገ፣ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት አምበሉ አዳም ላውሪ ጨረሰው። ከዳላስ ጋር ደግሞ ሄለባክ በሜዳው ሁለት ጨዋታ ምንም ሳይገባበት ወጣ። መጥፎ ግብ ጠባቂ ሆኖ አይደለም፤ ግብ ጠባቂ ሰው ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ዓመት ውስጥ ከኔ ልብ ያልወጣ ስለሆነ። ከዳላስ ጋር ስድስተኛው ጨዋታ በሚደረግበት ቀን የጄትሱ ማርክ ሻይፍሊ አባቱ ሌሊቱን እንዳረፉ ተነገረው። ተጫወተ። የመጀመሪያዋን ግብም እሱ አገባ። 1 ለ 1 ሆነው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 14.8 ሰከንድ ሲቀር የዳላስ ተጫዋች አምልጦ ወደ ግብ ሲሮጥ ሻይፍሊ ከኋላ ጠለፈው፤ ሁለት ደቂቃ ቅጣት። ጭማሪ ሰዓቱ ሲጀመር እሱ የቅጣት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቡድኑም በአንድ ሰው ጎድሎ ነበር። 1 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ላይ የዳላሱ ቶማስ ሃርሊ አገባ፤ የጄትስ ዓመት አለቀ። ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ይጨባበጣሉ፤ የሆኪ ወግ ነው። የዳላስ ተጫዋቾች እሱ ጋ ሲደርሱ እየቆሙ አቀፉት። ለልጅዎ የሚነግሩት መልስ ቢጠፋዎት ያንን ሰልፍ አብራችሁ እዩት።

«ሚኮ ራንታነን በአንድ ዓመት ሦስት ማሊያ ለበሰ። ሰው ሳይጠየቅ እንደ ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ ይላካል? ሕጉ እንዴት ይፈቅዳል?» እህት፣ ከዴንቨር

እህቴ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። በእግር ኳስ ዝውውር ተጫዋቹ እሺ ካላለ ፊርማ የለም። በኤንኤችኤል ግን የሚለዋወጡት ክለቦቹ ናቸው፤ ኮንትራቱ ከነሰውዬው ወደ ሌላው ክለብ ይሄዳል። ተጫዋቹ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አንድ ነው፦ ሲፈርም «ያለፈቃዴ አልዘዋወርም» የሚል አንቀጽ ማስገባት። ይህን አንቀጽ የሚያገኙት ደግሞ ዕድሜና ልምድ ያላቸው ናቸው። የሌለው ሰው ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ራንታነንን ኮሎራዶ በ2015 በድራፍት፣ ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ 10ኛ አድርጎ መረጠው፤ እዚያው አድጎ በ2022 ዋንጫ አነሳ። ኮንትራቱ በ2025 ክረምት ያልቅ ነበርና በአዲሱ ደመወዝ አልተስማሙም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 24 ቀን ለካሮላይና ሰጡትና ማርቲን ኔቻስንና ጃክ ድሩሪን ተቀበሉ። በካሮላይና 13 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ እዚያ ለረጅም ዓመት ለመፈረም ልቡ አልተከፈተም። ካሮላይናም በነፃ ከሚያመልጠን ብሎ፣ የልውውጥ ቀን ገደብ በሆነው ማርች 7 ለዳላስ አሳለፈው። ዳላስ ሎጋን ስታንኮቨንን፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙርና ሁለት የሦስተኛ ዙር የድራፍት ምርጫዎችን ከፈለ፤ ለራንታነን የ8 ዓመት የ96 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አስፈረመው። ስድስት ሳምንት፣ ሦስት ክለብ።

ከዚያ የመጀመሪያው ዙር ዳላስን ከማን ጋር አጋጠመው? ከኮሎራዶ ጋር። ሰባተኛው ጨዋታ ሜይ 3 ቀን ዳላስ ላይ ነበር። የዳላሶቹ ሚሮ ሄይስካነንና ጄሰን ሮበርትሰን ጉዳት ላይ ናቸው፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ኮሎራዶ 2 ለ 0 ይመራል። 12 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ራንታነን ከቀኝ በኩል ገብቶ ወደ ላይ መታት፣ ገባች። 6 ደቂቃ ገደማ ሲቀር በግቡ ጀርባ ዞሮ ወደ ፊት ሲገፋት የኮሎራዶ ተከላካይ ጫማ ነክታ ገባች። ከዚያ ለዋያት ጆንስተን የድሏን ግብ አመቻቸ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ደግሞ ግብ ጠባቂው ወጥቶ ባዶ በቀረው ግብ ላይ ሦስተኛውን ጨመረ። በሰባተኛ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሃትሪክ የሠራ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም።

እርስዎ የኮሎራዶ ደጋፊ እንደሆኑ ደብዳቤዎ ውስጥ አይቻለሁ፤ ቁስልዎን መነካካቴ አይደለም። ግን በዚያ ምሽት ፊቱን አይቼዋለሁ፤ የመጀመሪያዋን ሲያገባ ለመደሰት እንኳን ፈጥኖ አልተነሳም። አሥር ዓመት አብረውት ልብስ በለወጡ ሰዎች ላይ ነው ያገባው። የኮሎራዶ ኃላፊዎች በሒሳብ ተሳስተው ነበር አልልም፤ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከተወሰነው በላይ እንዳይከፍል የሚከለክል የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ለሁሉም መክፈል አይችሉም። እኔ ግን ከራንታነን ጋር እቆማለሁ። አንድን ሰው በጃንዋሪ ብርድ ላከው፣ ሒሳቡን ሜይ ላይ ያወራርዳል።

ሁሉም መለወጥ ግን ክፉ አይደለም። ሬይ ቦርክ ለቦስተን ከ20 ዓመት በላይ ተጫውቶ ዋንጫ ሳያነሳ ቀረ፤ በማርች 2000 ራሱ ጠይቆ ወደዚያው ወደ ኮሎራዶ ሄደ። በ2001 ሰባተኛውን ጨዋታ ከኒው ጀርሲ ሲያሸንፉ አምበሉ ጆ ሳኪክ ዋንጫውን ተቀበለና ራሱ ከፍ ሳያደርግ ለቦርክ ሰጠው። እናንተው ሜዳ ላይ ነው የሆነው።

«የደመወዝ ጣሪያ አለ ይላሉ፣ ግን ሀብታሞቹ ክለቦች በፕሌይኦፍ ላይ እንዴት ያልፉታል?» አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ

ያልፉት ነበር፤ አሁን በሩ ተዘግቷል። ጣሪያው የሚሠራው በመደበኛው ውድድር ብቻ ስለነበር፣ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዝ ከሒሳብ ይወጣና ክለቡ በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው ያመጣል። ኒኪታ ኩቼሮቭ በ2021 በዳሌ ቀዶ ጥገና ምክንያት መደበኛውን ውድድር በሙሉ አምልጦት በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ተመለሰ፤ 32 ነጥብ (ያገባቸውና ያቀበላቸው ግቦች ድምር) ይዞ ከሁሉ በልጦ ጨረሰ፤ ታምፓም ዋንጫውን አነሳ። በደስታው ላይ «ከጣሪያው 18 ሚሊዮን በላይ» የሚል ካናቴራ ለብሶ ታየ። ሕግ አልጣሰም፣ ቀዶ ጥገናውም እውነት ነበር፤ ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ከ2025/26 ጀምሮ በፕሌይኦፍ ጨዋታ የሚሰለፉት 20 ተጫዋቾች ደመወዝ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት። የ2025/26 ጣሪያ 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት 88 ሚሊዮን።

«በፕሌይኦፍ ለምን መለያ ምት የለም? ሥራ አለብን፣ እስከ ሌሊት ማን ይጠብቃል?» አንባቢ፣ ከኦታዋ

ይጠብቁ፣ ይክሳል። በመደበኛው ውድድር አቻ ሲሆኑ ሦስት ለሦስት ሆነው 5 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ካልተለየ መለያ ምት ይመጣል። በፕሌይኦፍ ግን ሙሉ አምስት ለአምስት፣ በ20 በ20 ደቂቃ፣ አንድ ሰው እስኪያገባ ድረስ ነው። በማርች 1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ 0 ለ 0 ሆነው ስድስተኛው ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄዱ። ከ116 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጭማሪ በኋላ ማድ ብሩኔቶ የተባለ ወጣት አገባ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ2020 ደግሞ የኮሎምበሱ ግብ ጠባቂ ዮናስ ኮርፒሳሎ በአምስት ጭማሪ ሰዓት 85 ምት አድኖ ተሸነፈ። 85 ያዳነን ሰው በመለያ ምት መሸኘት ነውር ይመስለኛል።

«ጁን ላይ ፍጻሜውን ሳይ ፐኩ እንደ ኳስ ይነጥራል። ተጫዋቾቹ ደክሟቸው ነው ወይስ በረዶው?» ተማሪ፣ ከካልጋሪ

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ስላመጣህልኝ አመሰግንሃለሁ፤ የኔ ሙያ ነው። ሁለቱም ነው፣ ግን ይበልጡን በረዶው ነው።

የሆኪ በረዶ ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም፤ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ቢበዛ ከ3 ትንሽ ያልፋል። ከሥሩ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርበት ቱቦ የተቀበረበት ሲሚንቶ አለ። የላዩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። በዚያ ልክ ሲሆን የጫማው ስለት ይይዛል፣ ፐኩም ተኝቶ ይሄዳል። ማሽኑ ሲያልፍ ሦስት ነገር ይሠራል፦ ምላጩ ይፍቃል፣ ውኃው ያጥባል፣ ከኋላ ያለው ጨርቅ ሙቅ ውኃ ይቀባል። ሰው ሁሉ «ሙቅ ለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ሙቅ ውኃ የታችኛውን በረዶ በስሱ አቅልጦ ከሱ ጋር ይዋሃዳል፣ ውስጡም አየር ስለሚያንሰው ጠንካራ ሆኖ ይረጋል። ቀዝቃዛ ብትቀባ እንደ ተላጠ ቀለም ይነሳብሃል።

አሁን ጁን ላይ ፍሎሪዳን አስብ። ከ19 ሺህ በላይ ሰው ተቀምጦ ይተነፍሳል፣ ውጪው ወበቅ ነው፣ በር በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባል። እርጥበቱ በረዶው ላይ ያርፋል። አሥር ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ ላዩ ይለሰልስና በስለቱ የተፋቀው ብናኝ እንደ አሸዋ ይከማቻል። ፐክ ከጎማ የተሠራ ክብ ነው፤ ወደ 170 ግራም ይመዝናል። እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት በበረዶ ቤት ያቆዩታል፣ ሲሞቅ በሌላ ይለውጡታል። ብናኝ ላይ ሲሄድ ግን ቀዝቃዛውም ይዘልላል። በቴሌቪዥን አንድ ድንቅ ተጫዋች የቀላል ቅብብል ሲያመልጠው ካየህ ዱላውን ሳይሆን ከዱላው ሥር ያለውን ነጭ ብናኝ ልብ በል። የኔ አስተያየት ነው፦ ጁን ላይ ፐኩን ወደ ጥግ ወርውረው እየተጋፉ የሚያወጡ ቡድኖች፣ በቅብብል ከሚያምሩት ይልቅ ይመቻቸዋል።

«የማክዴቪድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለምን ሁለት ዓመት ብቻ ፈረመ? ጥሎን ሊሄድ ነው? ዘንድሮስ ተስፋ አለን?» የኦይለርስ ደጋፊ፣ ከኤድመንተን

የከተማዬ ልጅ፣ እኔም አልተኛሁም። ኦክቶበር 6 ቀን 2025 ኮነር ማክዴቪድ ከ2026 ጀምሮ የሚሠራ የሁለት ዓመት ማራዘሚያ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ እስካሁን ሲከፈለው ከነበረው ላይ አንድ ዶላር አልጨመረም። ከስድስት ቀን በፊት ኪሪል ካፕሪዞቭ ከሚኒሶታ በዓመት 17 ሚሊዮን፣ በ8 ዓመት 136 ሚሊዮን ፈርሟል። ማክዴቪድ ያንንም ከዚያም በላይ መጠየቅ ይችል ነበር። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አንብባቸው። ገንዘቡን የተወው ክለቡ በቀረው ሌላ ሰው እንዲገዛ ነው፤ ዓመቱን ያሳጠረው ደግሞ ክለቡ እንዳይተኛ ነው። ሰዓቱን አስቀምጦላቸዋል። እኔ ይህን እንደ መሄጃ ሳይሆን እንደ አደራ ነው የማየው።

በ2024 ኦይለርስ በፍጻሜው ከፍሎሪዳ ጋር 0 ለ 3 ተመርተው እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሱና 2 ለ 1 ተሸነፉ። ማክዴቪድ በዚያ ፕሌይኦፍ 42 ነጥብ፣ ከነሱም 34 ያቀበላቸው ነበሩ፤ ተሸንፎ ሳለ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ስሙ ሲጠራ ሽልማቱን ለመቀበል ወደ በረዶው አልወጣም። አንዳንዶች ወቀሱት። እኔ አልወቅሰውም፤ የፈለገው ሌላ ዋንጫ ነበር። በ2025 እንደገና ፍሎሪዳ፣ በስድስት ጨዋታ። ሊዮን ድራይሳይትል ሁለቴ በጭማሪ ሰዓት አገባ፤ ኦይለርስ ሌላ አላሸነፈም።

ልዩነቱ የት ነበር? ፍሎሪዳ ብራድ ማርሻንድን በልውውጥ ቀን ገደብ ከቦስተን አመጣ፤ የቦስተን አምበል የነበረ፣ 36 ዓመት የሆነው ሰው ነው። የት አሰለፉት? ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ከአንቶን ሉንዴልና ከኤቱ ሉኦስታሪነን ጋር። እሱ በፍጻሜው ብቻ 6 ግብ አገባ። የኛ ሁለት ታላላቆች የፍሎሪዳን ምርጦች ሲታገሉ፣ ሦስተኛው መስመራቸው ሦስተኛ መስመራችንን በላው። ዛክ ሃይማን ከዳላስ ጋር እጁ ተጎድቶ ፍጻሜውን አልተጫወተም። የዚያን ጊዜው ግብ ጠባቂያችን ስቱዋርት ስኪነር በሦስተኛውና በአራተኛው ጨዋታ ተቀየረ፤ አምስተኛውን ካልቪን ፒካርድ ጀመረ፣ ስድስተኛው ላይ እንደገና ስኪነር። በፍጻሜ ላይ ማን እንደሚቆም ያልታወቀበት ግብ ያስፈራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከኔ የምትሰማው ይህ ነው፦ ማክዴቪድ ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረ አትቁጠር። እስከ ማርች ድረስ ሁለት ነገር ተመልከት፤ ግቡ ላይ አንድ ሰው ተደላድሎ መቆሙንና ሦስተኛው መስመር በሳምንት ስንት ግብ እንደሚያመጣ። ፍሎሪዳም 2025/26ን የጀመረው በቀላሉ አልነበረም፤ አምበሉ አሌክሳንደር ባርኮቭ በልምምድ ጉልበቱ ተጎድቶ ለወራት ተቀመጠ፣ ማቲው ትካቸክም ያኔ ከቀዶ ጥገና ገና አልተመለሰም ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያነሳ ክለብ ከ1980 እስከ 1983 አራቱን ከወሰደው ከኒው ዮርክ አይላንደርስ ወዲህ አልታየም።

«ማርነር ሄደ። ቶሮንቶ አለቀለት?» ከቶሮንቶ

ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ላላየ ክለብ «አለቀለት» ማለት ይከብደኛል። ሚች ማርነር ባለፈው ዘመን 102 ነጥብ ያስቆጠረ ልጅ ነው፤ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍስ አስፈርመው ለቬጋስ ሰጡት፣ በ8 ዓመት 96 ሚሊዮን፤ በምትኩ ኒኮላ ሯን ተቀበሉ። በችሎታ ሲመዘን ኪሳራ ነው። ግን ሜይ ላይ ከፍሎሪዳ ጋር አምስተኛውንም ሰባተኛውንም ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው 6 ለ 1 ሲሸነፉ፣ ደጋፊው ማሊያ ወደ በረዶው ሲወረውር አይተናል። አራት ኮከብ ላይ ግማሹን ገንዘብ አፍስሶ ቀሪውን በቁጥብ መሙላት ዓመት በዓመት ወደ አንድ ግድግዳ ወሰዳቸው። በመደበኛው ውድድር ዘንድሮ ትንሽ ዝቅ ይላሉ ብዬ አስባለሁ፤ በፕሌይኦፍ ግን ከለመዱት የከፋ አይጠብቃቸውም። ልጁ ግን በዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሲመጣ አትጩሁበት።

«ልጄ 15 ዓመቱ ነው። በሆኪ ዕድሜው ሙሉ ለፍቷል። አሁን ግን ጓደኞቹ ‹በድራፍት የመጀመሪያ ዙር ካልተመረጥክ አለቀ› ብለውት ሌሊት ስልኩ ላይ የሌሎችን ዝርዝር ሲያይ ያድራል። ምን ላድርግ?» እናት፣ ከሪጃይና

እህቴ፣ ስልኩን ይቀበሉትና የሚከተለውን ያስነብቡት።

ድራፍቱ 7 ዙር አለው፤ በዓመት 224 ልጆች ይመረጣሉ። ፓቬል ዳትሱክ በ1998 171ኛ ነው የተመረጠው። ሄንሪክ ዜተርበርግ በሚቀጥለው ዓመት 210ኛ። ሁለቱ በ2008 ከዲትሮይት ጋር ዋንጫ አነሱ። ግብ ጠባቂው ሄንሪክ ሉንድክቪስት 205ኛ፣ ዶሚኒክ ሃሼክ 199ኛ ነበሩ። ማርተን ሳን ሉዊን ማንም አልመረጠውም፤ አጭር ነው ተባለ። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ከታምፓ ጋር ዋንጫውን ወሰደ፤ ዛሬ ሞንትሪያልን ያሠለጥናል። በተቃራኒው በ1993 ኦታዋ አንደኛ አድርጎ የመረጠው አሌክሳንደር ዴግ እንደተባለለት አልሆነም፤ ከሱ ቀጥሎ የተመረጠው ክሪስ ፕሮንገር ግን የዝና አዳራሽ ገባ። መራጮቹ የሚመለከቱት የ17 ዓመት ልጅን ነው፤ በ23 ዓመቱ ምን እንደሚሆን እናቱም አታውቅም።

በ2025 አንደኛ የተመረጠው ማቲው ሼፈር ነው፤ አይላንደርስ የመምረጫ ተራ በሚወሰንበት ዕጣ 3.5 በመቶ ዕድል ይዘው አንደኛውን ቦታ አገኙ። ልጁ ዓመቱን ከአንገት ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ 17 የክለብ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። እናቱን በ2024 መጀመሪያ በጡት ካንሰር አጥቷል። ማሊያውን ሲያለብሱት በእሷ መታሰቢያ የተሰፋውን ሪባን ሳመው። ልጅዎ ያንን ያየው ይመስለኛል፤ ሌሊት የሚያስባት ነገር የመጀመሪያው ዙር ብቻ ላይሆን ይችላልና ቀስ ብለው ይጠይቁት።

በሜዳችን ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በሩን ስከፍት ደጅ ላይ የሚጠብቀኝ አንድ ልጅ ነበር። ማሽኑ ወጥቶ ውኃው እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እሱ ያቺን አሥር ደቂቃ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ይጠብቃል። የት እንደደረሰ አልነግርዎትም፣ ለጥያቄዎ አይጠቅምምና። እንዲያ ሲቆም ግን ስልክ በእጁ አይቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። ልጅዎ ሲታጠፍ በግራ እግሩ እንደሚንሸራተት ጽፈዋል፤ አሰልጣኙ «ልቡ የለም» እንዳለም። የጫማውን ስለት በየስንት ጊዜው እንደምታስሉት ግን አልጻፉልኝም። በሳምንት አራት ቀን ለሚጫወት ልጅ በየሳምንቱ መሳል አለበት። ጣትዎን ከስለቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በቀስታ ያሳልፉት፤ አንዱ ጎን ከሌላው የደነዘ ወይም የተቆረሰ ከሆነ፣ ከማንም ጋር ከመጨቃጨቅ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ስለት ወደሚስል ባለሙያ ይውሰዱትና የሁለቱ ጠርዝ ቁመት እኩል እንዲሆንለት ይጠይቁ።